ፊልሙ ሲወጣ አሠራሩም አብሮ ይውጣ



በዚህ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ፤ ተገቢም ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ነገር ከእነዚህ ጋራ ሲመዛዘን ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም ሰው በቤቱ እንዲያየው በዲስክ ተቀርጾ ስለሚሸጠው ፊልም፣ ይልቁንም ከፊልሙ ጋራ ተያይዞ ስለሚመጣው ተጨማሪ ክፍል ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከሥራ መልስ ከቤተ ሰቡ ጋራ ተቀምጦ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ፊልም ስለሆነ፣ ነገሩ አንባቢን የማይነካ አይመስለኝም። የውጭውን አገር ጉዳይ ስጽፍ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስጽፍ በእኛው አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

«ተጨማሪ ክፍል» ያልሁት ምን እንደሆነ ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። በውጭ አገር አንድ ፊልም በሲኒማ ቤት ታይቶ ጥቂት ወራት ሲያልፉ በዲስክ ታትሞ ለገበያ ይወጣል። በዚያው ዲስክ ወይም በሌላ ተጓዳኝ ዲስክ ላይ ፊልሙ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያሳይ ሌላ ፊልም፣ ተቆርጠው የቀሩ ትርኢቶች፣ ጆሮአቸው ለማይሰማ ሰዎች የንግግሩ ጽሑፍ፣ አንዳንድ ጊዜም የዲሬክተሩ ማብራሪያ ይጨመራል። ይህ ማብራሪያ የሚባለው ነገር በተለይ ያስደንቀኛል። ሥዕሉ እንደ ወትሮው ሲሄድ የተዋንያኑ ድምፅ ዝቅ ይልና ዲሬክተሩ «እዚህ ላይ ካሜራውን ከሩቅ ያቆምሁት ስለዚህ ነው፤ ያቺን ሴት ዝም ያሰኘኋት ስለዚያ ነው» እያለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ መምህር ያስረዳል። ልማዱ የተጀመረው በ1984 ነው፤ ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1933 የተሠራውን «ኪንግ ኮንግ» ሌዘር ዲስክ ይባል በነበረው ሰፊ ሰሐን ላይ ሲያወጣ፣ ሮናልድ ሄቨር የተባለ የፊልም ታሪክ ዐዋቂ በሁለተኛው የድምፅ መሥመር ላይ የፊልሙን ታሪክ እንዲናገር አደረገ። ኋላ ዲቪዲ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ሲወጣ ይህ የጥቂቶች ደስታ የነበረው ነገር የብዙ ሰው ሆነ።

ከቅርብ ጊዜ ፊልሞች አንዱን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ክሪስቶፈር ኖላን የሠራው «ኦፐንሃይመር» በሐምሌ 2023 በሲኒማ ቤት ታየ፤ በኅዳር ወር በዚያው ዓመት በዲስክ ወጣ። በትልቁ የአይማክስ ሲኒማ የታየው የፊልሙ ጥቅል ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ270 ኪሎ በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ጥቅል የጎኑ ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሐን ላይ ተቀምጦ ቤት ይገባል። ፊልሙ የሦስት ሰዓት ርዝመት ስላለው ለብቻው ዲስክ ተሰጥቶታል፤ ከሦስት ሰዓት የሚበልጠው ተጨማሪ ክፍል በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ተጨማሪው ከዋናው አያንስም ማለት ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህር ስለሆንሁ፣ በውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ይህንን ዲስክ በላከልኝ ጊዜ ከፊልሙ ይልቅ ወደ ተጨማሪው ቸኮልሁ። በዚያ ውስጥ ስለ አቶሚክ ቦምቡና ስለ ሰውዬው ሕይወት ከሰዓት ተኩል ጥቂት የሚያንስ የታሪክ ፊልም አለ፤ በሐምሌ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የተደረገውን የመጀመሪያውን ፍንዳታ ይተርካል። ለተማሪዎቼ ይበልጥ የጠቀማቸው ግን ሌላው ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ያንን ፍንዳታ በኮምፒዩተር ሥዕል ሳይሆን ቤንዚን፣ የአሉሚኒየም ዱቄትና ማግኒዚየም እያቃጠሉ፣ በቅርብ እያነሡ ትልቅ አስመስለው እንደ ሠሩት ይታያል። ደግሞም ለጥቁርና ነጩ ክፍል የሚሆን ባለ 65 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በዓለም ስላልነበረ፣ ኮዳክ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ እንደ ሠራላቸው ይነገራል። ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳየኋቸው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ርቀት በሰሌዳ ላይ ስጽፍ የሚያንቀላፉት ልጆች ያን ቀን አንዳቸውም አላንቀላፉም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ከተማሪዎቼ አንዲቱ፣ ካሜራ አንሺ መሆን የምትመኝ ልጅ፣ «ቲቸር፤ የእኛ አገር ፊልሞችስ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የሚገባ ነው። ነገር ግን ይህንን ተመልከቺ ብዬ የማሳያት አንድም ነገር አልነበረኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር በገበያ አላየሁምና። ይህንን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ተጨማሪ ክፍል ሁሉ ማለፊያ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙው የጊዜ ማጥፊያ ነው። ተዋናዩ ዲሬክተሩን፣ ዲሬክተሩ ተዋናዩን፣ ሁለቱም ገንዘብ የሰጣቸውን ሰው ሲያመሰግኑ ሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ የሠርግ ምርቃት ይመስላል። ዋጋ ያለውንና የሌለውን ለመለየት የእኔ ዘዴ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው የእጅ ሥራውን ካሳየ አያለሁ፣ ስሜቱን ብቻ ከተናገረ አልፈዋለሁ። ለምሳሌ በ2024 የወጣው የ«ዱን» ሁለተኛ ክፍል በዲስክ ሲመጣ፣ ያ የክፉዎቹ ሰዎች አገር ለምን እንደ አጥንት የነጣ መስሎ እንደ ታየ ይገለጻል፤ በዓይን በማይታየው ከቀይ በታች በሆነው ብርሃን በሚያነሣ ካሜራ ስለ ተነሣ ነው። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ልጅ ስለ ብርሃን ዓይነት ሁለተኛ አይረሳም።

ስለዚህ ነገር የሚሰማኝ ስሜት ሥሩ የቆየ ነው። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ከመምህራኑ አንዱ የውጭ አገር ሰው «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ፊልም የመጀመሪያ ክፍል፣ ያንን በ2002 የወጣውን ባለ አራት ዲስኩን፣ በሣጥን ይዞ መጣ። ሁለቱ ዲስኮች ፊልሙ ነበሩ፤ ሲኒማ ቤት ከታየው በሠላሳ ደቂቃ ይረዝማል። ሁለቱ ደግሞ አሠራሩ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅዳሴና ከልብስ አጠባ በኋላ ጥቂት በጥቂት ያሳየን ነበር። የብረት ልብሱን ቀለበት በቀለበት የሚሠሩ ሰዎች፣ ትንንሽ ቤቶችን ሠርተው ከተማ የሚያስመስሉ አናጢዎች፣ አንዱን ሰው አጭር ሌላውን ረጅም ለማስመሰል ወንበሩን ወደ ኋላ የሚስቡ ብልሆች አየን። እኛ የገጠርና የከተማ ልጆች እስከዚያ ቀን ድረስ ፊልም ማለት ተዋናይ ብቻ ይመስለን ነበር። አብረውኝ ከተማሩት አንዱ አናጢ ሆኗል፤ እስከ ዛሬ ስንገናኝ የሚያነሣው ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለዚያች በእንጨት ስለ ተሠራች ትንሽ ከተማ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአማርኛ ፊልም በሲኒማ ቤት ታይቶ ካበቃ በኋላ በቪሲዲ ይወጣ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። አንዱ ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ፊልሙ በሁለት ዲስክ ይከፈል ነበር፤ ታሪኩ ሊጋም ሲል ተነሥቶ ሁለተኛውን ዲስክ የሚያስገባው የቤቱ ታናሽ ልጅ ነው። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሌሎች የሚወጡ ፊልሞች ማስታወቂያ ይታያል፤ ከዚያም ማባዛት በሕግ እንደሚያስቀጣ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ብዙው ሰው ያንን ማስጠንቀቂያ ያነበበው በተባዛው ዲስክ ላይ ነው! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ የፊልምን ሥራ ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቢያደርገውም፣ አዟሪው ግን በየካፌው በረንዳ ላይ ደርድሮ ይሸጥ ነበር። የውጭውን ፊልም ደግሞ በአንድ ዲስክ ላይ አሥርና ከዚያም በላይ አድርገው ሲጨምቁት፣ ቦታ እንዲበቃ መጀመሪያ የሚጣለው ያ ተጨማሪ ክፍል ነበር። ስለዚህ በአገራችን ዲቪዲ በየቤቱ ገብቶ ሳለ፣ ዲቪዲን ከካሴት የለየው ትምህርታዊ ክፍል ግን ብዙውን ሰው ሳያየው አለፈ። በኔ አስተያየት አባዢው የሰረቀው የባለ ፊልሙን ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ቪሲዲው ከገበያ ወጥቷል፤ የአማርኛ ፊልሞች በብዛት የሚገኙት በዩቲዩብ ነው። በውጭ አገር ያለው ወገናችን፣ በዋሽንግተንም በዐረብ አገርም ያለው፣ በቀላሉ ስለሚያገኘው ይህ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ከፊልሙ በቀር ሌላ ነገር አብሮ አይወጣም። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ጥቂት ነው፤ ለማይሰሙ ሰዎች በአማርኛ ንግግሩ የተጻፈበት ፊልም እኔ አላጋጠመኝም። በየዓመቱ በጉማ የፊልም ሽልማት ለምርጥ ካሜራ ባለሙያ፣ ለምርጥ ቅንብር እየተባለ ዋንጫ ይሰጣል፤ እኛም በቴሌቪዥን እያየን እናጨበጭባለን። ሰውየው ምን ሠርቶ ዋንጫውን እንዳገኘ ግን የሚያሳየን የለም። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ተነግሮ የፈተና ወረቀቱ ያልታየ ይባል ነበር።

ሁለተኛው ችግር የመጥፋት ችግር ነው። በኢንተርኔት ብቻ ያለ ፊልም ባለቤቱ ባነሣው ቀን የለም። ይህ በሀብታሞቹም አገር ደርሷል። ዲዝኒ «ክሬተር» የተባለውን የልጆች ፊልም በግንቦት 2023 በራሱ የኢንተርኔት አገልግሎት አወጣ፤ ሰባት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሰኔ መጨረሻ አነሣው። ዲስክ አልነበረውምና ለጊዜው ሕጋዊ መንገድ ጠፋ፤ በኪራይና በሽያጭ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። «ኦፐንሃይመር» በዲስክ ሲወጣ ኖላን ራሱ ሰዎች ገዝተው በመደርደሪያቸው እንዲያኖሩት፣ ያን ጊዜ ማንም የኢንተርኔት ኩባንያ መጥቶ እንደማይወስድባቸው በቀልድ መልክ ተናግሮ ነበር። ቀልዱ ፍሬ አለው፤ ዲስኩ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ በብዙ ሱቆች አለቀ። ኔትፍሊክስ ያወጣቸውን «ሮማ» እና «ዘ አይሪሽማን» እንኳ በ2020 ክራይቴሪዮን በዲስክ ከነተጨማሪ ክፍላቸው አውጥቷቸዋል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ረቂቅ አንብቦ «ወንድሜ፤ የሞተ ነገር ነው የምታወራው» አለኝ። ያቀረበው ማስረጃም ሐሰት አይደለም። ኔትፍሊክስ ለ25 ዓመት በፖስታ ሲልከው የኖረውን ዲስክ፣ በድምሩ ከ5 ቢሊዮን በላይ ከላከ በኋላ፣ በመስከረም 2023 አቁሟል። ቤስት ባይ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር በ2024 የፊልም ዲስክ መሸጥ ትቷል። አዲስ የሚመጣ ላፕቶፕ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የኔ ክርክር ለሰሐኑ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ማጫወቻ ይግዛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቀንሶ ዲስክ ይሰብስብ አላልሁም፤ ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ ዐውቃለሁና። የምለው፣ በሰሐኑ ምክንያት የመጣው ልማድ ከሰሐኑ ጋራ መቀበር የለበትም ነው። ፊልሙን በዩቲዩብ የሚያወጣ ሰው የዲሬክተሩን ማብራሪያ በሁለተኛ ቅጂ ሊያወጣ ይችላል። በፊልሙ ሥራ ላይ አንድ ረዳት በስልኩ ሲቀርጽ ቢውል፣ በኋላ የሃያ ደቂቃ ትምህርት ይወጣዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለፊልሙ ምረቃ ለአዳራሽና ለመጠጥ ከሚወጣው ይበልጣል ብዬ አላምንም።

የምስል ጥራት ነገርም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል፤ ለእኛ ግን ዋናው አይደለም። ኔትፍሊክስ ለከፍተኛው ጥራት 15 ሜጋቢት በሴኮንድ የሚያስገባ መስመር ይበቃል ሲል፣ አዲሱ ዲስክ እስከ 128 ይደርሳል። መብራትና ኔትወርክ በየሰዓቱ በሚቋረጥበት ሠፈር የሚኖር ሰው የዚህን ልዩነት ትርጉም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ዲስክ ከውጭ የሚላክለት አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልጠቁም፤ ይህንን ባለማወቅ የተበሳጨ ሰው ስላየሁ ነው። የዲቪዲ ነጋዴዎች ዓለምን በቁጥር ከፍለዋታል። አሜሪካ 1፣ ምዕራብ አውሮፓ 2፣ እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋራ 5 ነን። በብሉ ሬይ ደግሞ አሜሪካ በኤ፣ እኛ ከአውሮፓ ጋራ በቢ ተመድበናል። ስለዚህ ለአንዱ ክፍል የተቆለፈው ዲስክ በሌላው ክፍል ማጫወቻ ላይ እንቢ ይላል፤ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ መጣል አይገባም። ፎርኬ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን በአገር አይከፈልም። ዘመድ ሲያዝዝ ይህንን ቢጠይቅ ከብስጭት ይድናል።

የራሳችን ሰው ኃይሌ ገሪማ ስለዚህ ጉዳይ ማሳያ ይሆነናል። «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበል ቢሉት፣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየው። በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የፊልምና የመጽሐፍ መደብር ከፍቶ በዚያው በፊልሙ ስም ጠራው። ያ ፊልም በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ታየ። ሊታደስ የቻለው ተጠብቆ ስለቆየ ነው። በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ»ም የእርሱ ነው። አሁን ልጠይቅ፤ ከአሥር ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሰልፍ ካሰለፉት የአማርኛ ፊልሞች መካከል የመጀመሪያው ንጹሕ ቅጂ ዛሬ በባለቤቱ እጅ ያለ ስንቱ ነው? በሃርድ ዲስክ ተቀምጦ ሃርድ ዲስኩ የሞተበት፣ ቪሲዲው ተፍቆ አላጫውት ያለው ስንት ነው?

ስለዚህ ጉዳይ ሥልጣን ያላቸው አንባቢዎች በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ እንደማይጠፉ ዐውቃለሁና ወደ እነርሱ አንድ ልመና አለኝ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መሠረት የሆነ ሕግ ነው፤ በአገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂው ወደዚያ ይገባል። አንድ የአማርኛ ፊልምም ለሕዝብ ሲታይ ንጹሕ ቅጂው፣ ከእርሱም ጋራ የቃለ ተውኔቱ ጽሑፍና በሥራው ላይ የተነሡት ሥዕሎች ሳይዘገዩ ወደዚያው እንዲገቡ በተግባር ቢከታተሉት ምን ይጎድላል? መደርደሪያው ትልቅ አይፈልግም፤ የዓመቱ ፊልም ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ መሳቢያ ይገባል። ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንም የአማርኛ ፊልም በበዓል ቀን ሲያሳዩ፣ ተዋናይቱን ስለ ዶሮ ወጥ አሠራሯ ከሚጠይቋት ካሜራ ባለሙያውን ጠርተው ያቺን የሌሊት ትርኢት በምን መብራት እንዳነሣት ቢጠይቁት እኔና ተማሪዎቼ ቁጭ ብለን እናያለን።

ፊልም ሠሪዎቻችን ደግሞ «ይህንን ብናደርግ ማን ያየዋል?» ይሉ ይሆናል። ቢያንስ በየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ፤ በእኛም ትምህርት ቤት አለ። ያቺ ካሜራ አንሺ ልሁን ያለችው ተማሪዬ በሚመጣው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። ከፊልም ሠሪዎቻችን አንዱ በቅርቡ ካወጣው ፊልም ላይ አንዲት የአምስት ደቂቃ ትርኢት መርጦ እንዴት እንደ ተሠራች የሚገልጽ ማብራሪያ ቢያዘጋጅ፣ በዚሁ ዓምድ በኩል ያስታውቀን፤ ፕሮጀክተሩን ከዩኒት ሊደሩ አስፈቅጄ አዳራሹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

አክባሪዎ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ